የአጋማሽ ነጥብ ጥያቄዎችና የመረጃ በቂነት፦ «እኩልታ መቁጠር ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በደብረ ብርሃን ለጂማት (ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ) ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ሰሞኑን እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ በዚሁ ከተማ ሂሳብ ለማስተምረው ለእኔም ደርሶኛል። ጽሑፉ በኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ ውስጥ ስለ አጋማሽ ነጥብ የሚቀርቡ የመረጃ በቂነት ጥያቄዎች፣ በተለምዶ ዳታ ሰፊሸንሲ የምንላቸው፣ በአጭር ጊዜ እንዴት እንደሚመለሱ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው አምስት ምክሮችን ይሰጣሉ። ያልታወቁትን ቁጥሮችና የተሰጡትን እኩልታዎች ቆጥሮ ማመዛዘን እንደሚበቃ፣ ከሁለት ነጥቦች እኩል የሚርቅ ነጥብ አጋማሻቸው እንደሆነ፣ ሥዕል ሠርቶ በሥዕሉ ላይ የታየውን መቀበል እንደሚቻል፣ ሁለቱ መግለጫዎች ለየብቻ ካልበቁ አንድ ላይ እንደሚበቁ፣ በመጨረሻም ጂኦሜትሪ ከጂማት ስለወጣ በዚህ ርዕስ ብዙ መድከም እንደማያስፈልግ ይናገራሉ። ጽሑፉ ተማሪን ለመርዳት በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ተማሪዎች እነዚህን ምክሮች እንደ ሕግ ይዘው ወደ ፈተና ቢገቡ የሚያውቁትን ጥያቄ ጭምር ይስታሉ ብዬ ስለምሰጋ፣ እያንዳንዱን ምክር ከነምሳሌው አንሥቼ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል።

አስቀድሞ የጥያቄው ዓይነት ግልጽ ሊሆን ይገባል። የመረጃ በቂነት ጥያቄ አንድ ጥያቄና ሁለት መግለጫዎችን ይዞ ይቀርባል፤ ተፈታኙም የሚጠየቀው መልሱን እንዲያወጣ ሳይሆን የተሰጠው መረጃ መልሱን ለመወሰን ይበቃ እንደሆነ እንዲፈርድ ነው። ምርጫዎቹ ሁልጊዜ አምስት ናቸው፤ መግለጫ 1 ብቻውን በቂ ሆኖ መግለጫ 2 ብቻውን ካልበቃ ኤ፣ የዚህ ተገላቢጦሽ ከሆነ ቢ፣ ለየብቻ ሳይበቁ አንድ ላይ ከበቁ ሲ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከበቁ ዲ፣ አንድ ላይ ሆነውም ካልበቁ ኢ። መረጃ በቂ ነው የሚባለው መግለጫውን የሚያሟሉ ሁኔታዎች ሁሉ፣ ምንም ያህል ብዙ ቢሆኑ፣ ለተጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡ ነው። የነጥቦቹ ቦታ አንድ ብቻ መሆን የለበትም፤ አንድ መሆን ያለበት መልሱ ነው። ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት ከሞላ ጎደል ከዚህ የሚመነጭ ነው።

እኩልታ ስለ መቁጠር ያሉትን እንመልከት። ጸሐፊው ያቀረቡት ምሳሌ ነጥብ ሀ(ቀ፣ ረ) እና ነጥብ ለ(ጠ፣ ፈ) ሲሰጡ የአራቱ ቁጥሮች ድምር ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሲሆን፣ መግለጫ 1 የሀለ (ሀንና ለን የሚያገናኘው መስመር) አጋማሽ (3፣ 5) መሆኑን ይናገራል። አጋማሽ ነጥብ የሚሰጠው ሁለት እኩልታ ብቻ ስለሆነና ያልታወቁት ቁጥሮች አራት ስለሆኑ መግለጫው አይበቃም ሲሉ ይደመድማሉ። ነገር ግን የአጋማሹ ኤክስ የሁለቱ ነጥቦች ኤክሶች አማካይ፣ ዋዩም የዋዮቻቸው አማካይ ስለሆነ፣ የአጋማሽ ቀመር የሚነግረን ቀ + ጠ = 6 እና ረ + ፈ = 10 መሆናቸውን ነው። የተጠየቀው ድምር ከእነዚህ የተሠራ በመሆኑ 16 ነው። ሀ(0፣ 0) እና ለ(6፣ 10) ብንል 16 ይሆናል፤ ሀ(1፣ 2) እና ለ(5፣ 8) ብንልም 16 ይሆናል። ነጥቦቹን በፈለግነው መንገድ ብናንቀሳቅሳቸው፣ አጋማሻቸው እስካልተለወጠ ድረስ ድምሩ አይለወጥም። ስለዚህ መግለጫው በቂ ነው፤ ጸሐፊው በራሳቸው ምሳሌ የሰጡት መልስ የተሳሳተ ነው።

ቆጠራው በተቃራኒው አቅጣጫም ያሳስታል። ሀ(2፣ 4) ቢሰጥና የነጥብ ለ ቦታ ቢጠየቅ፣ መግለጫ 1 የሀለ አጋማሽ «ዋይ ከኤክስ ጋር እኩል ነው» በሚለው መስመር ላይ እንደሚገኝ ቢናገር፣ መግለጫ 2 ደግሞ ነጥብ ለ ራሱ «ዋይ ማለት ኤክስ ሲቀነስ 2 ነው» በሚለው መስመር ላይ እንደሚገኝ ቢናገር፣ ያልታወቁት ቁጥሮች ሁለት፣ እኩልታዎቹም ሁለት ናቸው። በጸሐፊው ሕግ መልሱ ሲ ይሆናል። አሁን መግለጫ 1ን ወደ ቁጥር እንለውጠው። የአጋማሹ ዋይ የ4 እና የፈ አማካይ ነው፣ ኤክሱም የ2 እና የጠ አማካይ ነው፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ 4 + ፈ = 2 + ጠ፣ ማለትም ፈ = ጠ − 2 ይሆናል። ይህ መግለጫ 2 ራሱ ነው። ሁለቱ መግለጫዎች አንድን ነገር በተለያየ አነጋገር ስለተናገሩ ለ(2፣ 0) ሊሆን ይችላል፣ ለ(10፣ 8) ሊሆን ይችላል፣ በዚያ መስመር ላይ ያለ ሌላ ማንኛውም ነጥብም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መልስ ኢ ነው። ፈተና አውጪዎች ይህን ዓይነቱን ጥያቄ የሚያዘጋጁት በቆጠራ ብቻ የሚሠራውን ተፈታኝ ለመለየት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ሁለቱ እኩልታዎች በእርግጥ የተለያዩ ቢሆኑ እንኳ አንዳቸው ስኩዌር ካለበት ነገሩ አያበቃም። ነጥብ ሀ መነሻው (0፣ 0) ይሁን፤ የሀለ አጋማሽ ከመነሻው በ5 አሃድ ይራቅ፤ የነጥብ ለ ኤክስ ደግሞ 6 ይሁን። አጋማሹ በ5 ከራቀ ነጥብ ለ በ10 ይርቃል፤ ስለዚህ የለ ዋይ ስኩዌር 100 ሲቀነስ 36፣ ማለትም 64 ነው፤ ዋይ 8 ወይም −8 ይሆናል። የለ ዋይ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መረጃው አይበቃም። አጋማሹ ከኤክስ መስመር ምን ያህል ይርቃል ተብሎ ቢጠየቅ ግን አጋማሹ (3፣ 4) ቢሆንም (3፣ −4) ቢሆንም መልሱ 4 ስለሆነ ያው መረጃ ይበቃል። በሁለቱ መካከል የእኩልታው ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ቆጠራ ደግሞ ጥያቄውን አያነብም።

የቆጠራን ድካም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የጎነ አራት ጉዳይ ስለሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ ብቆይ አንባቢ ይፈቅድልኛል ብዬ አምናለሁ። የአንድ ጎነ ሦስት የሦስቱ ጎኖች አጋማሾች ቢሰጡ፣ ያልታወቁት ስድስት፣ እኩልታዎቹም ስድስት ናቸው፤ ጎነ ሦስቱም አንድ ብቻ ይሆናል። የአንድ ጎነ አራት የአራቱ ጎኖች አጋማሾች ቢሰጡስ? ያልታወቁት ስምንት፣ እኩልታዎቹም ስምንት ስለሆኑ በጸሐፊው ሕግ ይህም መብቃት ነበረበት። አጋማሾቹ በቅደም ተከተል (2፣ 0)፣ (5፣ 3)፣ (3፣ 5) እና (0፣ 2) ይሁኑ። ሀ(0፣ 0)፣ ለ(4፣ 0)፣ ሐ(6፣ 6)፣ ሠ(0፣ 4) ያለው ጎነ አራት እነዚህን አጋማሾች ይሰጣል። ሀ(1፣ 0)፣ ለ(3፣ 0)፣ ሐ(7፣ 6)፣ ሠ(−1፣ 4) ያለውም እነዚያኑ አጋማሾች ይሰጣል። አንባቢ ወረቀት አንሥቶ ያረጋግጥ፤ እንዲህ ያሉ ጎነ አራቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም።

ምክንያቱን ማወቅ ከማስታወስ ይሻላል። ነጥብ ሀን በመጀመሪያው አጋማሽ በኩል እኩል ርቀት አሻግረን ስንወስደው ለን እናገኛለን፤ ለን በሁለተኛው አጋማሽ በኩል ስናሻግረው ሐን እናገኛለን፤ እንዲህ እያልን እንዞራለን። በጎነ ሦስት ሦስት ጊዜ ከተሻገርን በኋላ ወደ ተነሣንበት የምንመለሰው አንድ ትክክለኛ መነሻ ከመረጥን ብቻ ነው፤ እርሱም የመጀመሪያው አጋማሽ ሲቀነስ ሁለተኛው ሲደመር ሦስተኛው ነው። በጎነ አራት ግን አራቱ መሻገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣፋሉ፤ አጋማሾቹ ፓራሌሎግራም (ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ጎነ አራት) እስከሠሩ ድረስ ከየትም ብንነሣ ወደ መነሻችን እንመለሳለን። የማንኛውም ጎነ አራት የጎን አጋማሾች ፓራሌሎግራም እንደሚሠሩ ያሳየው ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፒየር ቫሪኞን ነው፤ ሥራው የታተመው እርሱ በ1722 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ በ1731 እ.ኤ.አ. ነበር። ማስረጃውም አጭር ነው፤ በሁለት ተጎራባች ጎኖች አጋማሾች መካከል የሚሰመር መስመር ከዲያጎናሉ (የሁለቱን ጎኖች ዳርና ዳር ከሚያገናኘው መስመር) ጋር ትይዩ ሆኖ ግማሹን ያህል ይረዝማል፣ በማዶው ያለውም እንዲሁ ስለሆነ ሁለቱ እርስ በርስ ትይዩና እኩል ይሆናሉ።

ከዚህ የሚከተለው ለመረጃ በቂነት ትልቅ ቁም ነገር አለው። ጎኖቹ እርስ በርስ የማይቆራረጡ ጎነ አራት ስፋቱ ከአጋማሾቹ ፓራሌሎግራም ስፋት ሁለት እጥፍ ነው። ከላይ የሰጠኋቸው ሁለት ጎነ አራቶች መልካቸው የተለያየ ሆኖ ስፋታቸው ሁለቱም 24 ነው፣ የአጋማሾቹ ፓራሌሎግራም ስፋትም 12 ነው። ስለዚህ አራቱ አጋማሾች ተሰጥተው የነጥብ ሀ ቦታ ቢጠየቅ መረጃው አይበቃም፤ የጎነ አራቱ ስፋት ቢጠየቅ ግን ይበቃል። ስምንት ለስምንት ቆጥሮ የሚሄድ ተማሪ የመጀመሪያውን ይስታል፤ ነጥቦቹን ማግኘት ስላልቻለ ተስፋ የሚቆርጥ ተማሪ ደግሞ ሁለተኛውን ይስታል።

ወደ ርቀት ጉዳይ ልለፍ። ጸሐፊው የሰጡት ምሳሌ ከአካባቢያችን የተወሰደ በመሆኑ ለተማሪ ቅርብ ነው፤ ከደብረ ብርሃንና ከደብረ ሲና እኩል የራቀ መንገደኛ በሁለቱ ከተሞች መሐል ይገኛል ይላሉ። ከአዲስ አበባ ሲለካ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ሲና ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆኑ መንገደኛው 160ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው ብለው ያሰላሉ። መንገደኛው አስፋልቱን ሳይለቅ ከተጓዘና ርቀቱም በአስፋልቱ ላይ ከተለካ ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን እኩል መራቁ ብቻ ከተነገረን አስፋልቱ ላይ መሆኑን ማን ነገረን? ከሁለቱ ከተሞች በቀጥታ እኩል የሚርቁ ቦታዎች አንድ ሙሉ መስመር ናቸው፤ መስመሩ በአንድ ወገን ወደ መንዝ፣ በሌላው ወገን ወደ አንኮበር አቅጣጫ ይዘረጋል፤ መንገደኛውም በዚያ መስመር ላይ የትም ሊሆን ይችላል። በኮኦርዲኔት ስንናገረው ሀ(0፣ 0) እና ለ(8፣ 0) ቢሆኑ፣ (4፣ 3) ከሁለቱም በ5 አሃድ ይርቃል፣ አጋማሽ ግን አይደለም። አጋማሹ (4፣ 0) ብቻ ነው።

ስለዚህ ነጥብ መ የሀለ አጋማሽ ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅና መግለጫ 1 መ ከሁለቱም እኩል እንደሚርቅ፣ መግለጫ 2 ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እንደሚገኙ ቢናገር፣ ሀ እና ለ የተለያዩ ነጥቦች እስከሆኑ ድረስ መልሱ ሲ ነው። ከዚህ ረቀቅ ያለ ጥያቄም አለ። መግለጫ 1 ሀመ የሀለ ግማሽ ነው ይበል፤ መግለጫ 2 መለ የሀለ ግማሽ ነው ይበል። የመጀመሪያው ብቻውን መን ሀን ማዕከል ባደረገ ክብ ላይ የትም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሁለተኛውም ለን ማዕከል ባደረገ ክብ ላይ እንዲሁ። ስለ ቀጥታ መስመር አንዳቸውም ቃል ስላልተናገሩ ብዙ ተማሪ ወደ ኢ ይሄዳል። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሀመ ሲደመር መለ ከሀለ ጋር እኩል ይሆናል፤ በጎነ ሦስት የሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው ስለሚበልጥ ይህ እኩልነት የሚገኘው መ በሀ እና በለ መካከል በመስመሩ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱ ክቦች የሚነካኩት በአንዲት ነጥብ፣ በአጋማሹ ላይ ነው። መልሱ ሲ ነው።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ነገር ስላለ በአጭሩ ልጨምረው። በ«አዎ ወይም አይደለም» ጥያቄ የተረጋገጠ «አይደለም» እንደ «አዎ» ሁሉ በቂ ነው። የሀ ኤክስ 2፣ የለ ኤክስ 10 መሆኑ ተሰጥቶ፣ መ አጋማሻቸው ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅና መግለጫው የመ ኤክስ 7 ነው ቢል፣ ስለ ዋይ ምንም ባናውቅም አማካዩ 6 ስለሆነ መ አጋማሽ ሊሆን አይችልም። መግለጫው በቂ ነው።

ሥዕልን ማመን ስለሚለው ምክር ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ሥዕል መሥራት ጠቃሚ ነው፤ ጥቅሙ ግን የመጀመሪያውን ሥዕል ለማመን ሳይሆን መግለጫውን ሳይጥስ ከመጀመሪያው የሚለይ ሁለተኛ ሥዕል ለመሥራት ነው። ሁለተኛው ሥዕል የተለየ መልስ ከሰጠ መረጃው አልበቃም። እጃችን የሚስለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ኳድራንት (የኤክስና የዋይ መስመሮች ከሚለያዩአቸው አራት ክፍሎች በመጀመሪያው) ውስጥ የሚወድቅ፣ ቁጥሮቹም አዎንታዊ የሆኑ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ሥዕል ሆን ብሎ በአሉታዊ ቁጥሮች በኩል መፈለግ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ከሚያስፈልገው በላይ ስሌት አትሥሩ ሲሉ የሰጡት ማሳሰቢያ ግን ትክክል ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ጂኦሜትሪ ከጂማት ወጥቷል የሚለውን የመጨረሻ ምክራቸውን ከአራተኛው አስቀድሜ ላንሣው። እውነት ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ፈተና ጂኦሜትሪን ከቁጥራዊ ክፍሉ አስወጥቷል፤ የመረጃ በቂነት ጥያቄዎችም ዳታ ኢንሳይትስ ወደሚባለው ክፍል ተዛውረዋል። በዚያ ክፍል ለ20 ጥያቄዎች 45 ደቂቃ ስለሚሰጥ ለአንዱ በአማካይ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የአጋማሽ ነጥብ ልምምድ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። የአጋማሽ ቀመር ማለት የሁለት ቁጥሮች አማካይ ማለት ነው፤ አማካይ ታውቆ ድምር የሚጠየቅበት፣ ሁለት መግለጫዎች አንድን ነገር ደግመው የሚናገሩበት፣ ስኩዌር ሁለት መልስ የሚያመጣበት ጥያቄ በዋጋ፣ በደመወዝ ወይም በዕድሜ ስም ሊመጣ ይችላል። በኮኦርዲኔት ላይ የተለማመደ ተማሪ ሁለተኛውን ሁኔታ በዓይኑ ስለሚያየው ብልሃቱን ቶሎ ይይዘዋል፤ በእኔ ክፍል የማየውም ይህንኑ ነው። ከዚህም በላይ ፈተናው የማይጠይቀው ነገር ሁሉ መማር የለበትም የሚለው አስተሳሰብ ከአንድ አስተማሪ ብዕር ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛል።

የቀረው ለየብቻ ካልበቁ አንድ ላይ ይበቃሉ የሚለው ነው። በሁለት መስመሮች ላይ የተመሠረተው የላይኛው ምሳሌ፣ መልሱ ኢ የሆነው፣ ይህን ምክር አስቀድሞ ያፈርሰዋል። ነገር ግን ይበልጥ የሚጎዳው ተማሪዎችን ወደ ሲ የማዘንበል ልማዱ ነው። ከመነሻው ተነሥቶ በሀለ አጋማሽ በኩል የሚያልፈው መስመር ስሎፕ (የማዘንበል መጠን) ስንት ነው የሚል ጥያቄ እንውሰድ፤ ነጥቦቹ እንደ መጀመሪያው ምሳሌ ሀ(ቀ፣ ረ) እና ለ(ጠ፣ ፈ) ናቸው። መግለጫ 1 ረ + ፈ የቀ + ጠ ግማሽ መሆኑንና ቀ + ጠ ዜሮ አለመሆኑን ይናገር፤ መግለጫ 2 ደግሞ ቀ + ጠ = 8 ነው ይበል። አጋማሹን በቁጥር ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም ይይዝና ሲን ይመርጣል። ስሎፑ ግን ረ + ፈ ለቀ + ጠ ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ መግለጫ 1 ብቻውን አንድ ሁለተኛ መሆኑን ይወስናል፤ መልሱ ኤ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉበት ጥያቄም በዚሁ መንገድ የተሳተ ነው። ሀ(4፣ −6) ተሰጥቶ የሀለ አጋማሽ በአራተኛው ኳድራንት፣ ማለትም ኤክስ አዎንታዊ፣ ዋይ አሉታዊ በሆነበት ክፍል ይገኛል ወይ ይላል። መግለጫ 1 ነጥብ ለ በመጀመሪያው ኳድራንት እንደሚገኝ፣ መግለጫ 2 ደግሞ ለ ከመነሻው ያለው ርቀት ከ4 እንደሚያንስ ይናገራል። ጸሐፊው የመጀመሪያው አቅጣጫውን፣ ሁለተኛው ወሰኑን ስለሚሰጥ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብለው ሲን መልስ አድርገዋል። መግለጫ 1 ብቻውን እንደማይበቃ እንስማማለን፤ የለ ዋይ 1 ቢሆን አጋማሹ ከኤክስ መስመር በታች፣ 20 ቢሆን በላይ ይውላልና። መግለጫ 2ን ግን ብቻውን እንየው። ርቀቱ ከ4 ካነሰ የለ ኤክስ ከ−4 ይበልጣል፣ ስለዚህ 4 ሲደመርበት አዎንታዊ ይሆናል፤ የለ ዋይም ከ4 ያንሳል፣ ስለዚህ 6 ሲቀነስለት አሉታዊ ይሆናል። ለ በየትኛውም ኳድራንት ቢሆን አጋማሹ ከአራተኛው ኳድራንት አይወጣም። ትክክለኛው መልስ ቢ ነው። በመግለጫ 2 ውስጥ ያለው 4 ወደ 5 ቢለወጥ ግን ለ(−4.5፣ 0) የሚፈቀድ ነጥብ ይሆናል፣ አጋማሹም (−0.25፣ −3) ላይ፣ በሦስተኛው ኳድራንት ይወድቃል፤ መግለጫ 1 ለ በመጀመሪያው ኳድራንት ነው ብሎ ይህን ነጥብ ሲያስወጣው ብቻ መልሱ የተረጋገጠ «አዎ» ይሆናል፤ ጸሐፊው የሰጡት ሲም ትክክል የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።